ያልተነካ ጠርዝ

ሳህሉ ጠማማ ነገር አይወድም። ሰው ቤት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ጨዋታውን አቋርጦ ይነሳና ያቃናዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚታደል ማስታወቂያ አንዱ ጎኑ ከሌላው ከሰፋ፣ የዕለቱ ስብከት ጆሮው አይገባም። እንዲህ የሆነው ወድዶ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት መቁረጫ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። የተማሪ ደብተር፣ የባንክ ቅጽ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በእሱ ቢላ ሥር አልፎ ነው ቀጥ ብሎ የወጣው። ጡረታ ሲወጣ የሸለሙት የምስክር ወረቀት እንኳ በአንድ ጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ጠብቦ ነበር፤ አመስግኖ ተቀበለና ቤቱ ወስዶ አስተካከለው።

ልጁ ብሩክታዊት ስፖንሰር አድርጋ ቶሮንቶ ስታመጣው ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ይኖራሉ። ብሩክታዊት ነርስ ስለሆነች ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። እሱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳው የማተሚያ ቤት በር የለም። የሚመልሱለት አንድ ነው፤ "ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ አለዎት?" ይሉታል። ወረቀት እዚህ አገር ሲመጣ በሌላ ዘዴ የሚቆረጥ ይመስል! ሦስት ዓመት ሙሉ በየበሩ የሚጣለውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ፍላየር ጠርዝ እያስተካከለ ሲደረድር ከረመ። ልጁ ስታየው አንጀቷን ይበላት ነበር።

ስለዚህ በ2014፣ የካቲት ላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ የምትኖረው ተሻለች ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ በሩን ስታንኳኳ፣ ሳህሉ የታሰበ ሰው ሆኖ ተሰማው።

"ጋሽ ሳህሉ፣ እርስዎ ወረቀት ያውቃሉ" አለችው፣ ገና ሳትቀመጥ።

የሚፈልገው ይህንኑ ቃል ነበር። ሌላ ባትጨምር እንኳ እሺ ባላት።

ቆርቆሮው የባሏ የወልደገብርኤል ነው። ወልዴ፣ ሁሉም የሚጠራው እንዲህ ነው፣ በደርግ ዘመን በሱዳን አድርገው ከመጡት አንዱ ሲሆን፣ ሃያ ሰባት ዓመት የበረዶ ሆኪ መጫወቻ አዳራሽ ሲያጸዳ ኖሮ ባለፈው ግንቦት ዐረፈ። መጀመሪያ ሥራ እንደገባ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ወጣት ሳለ ሲጋራ ለመተው ብሎ ቀኑን ሙሉ ማስቲካ ሲያኝክ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ማስቲካው ውስጥ የሆኪ ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች ይገኙ ነበርና፣ ማስቲካውን አፉ፣ ካርዶቹን ሳያያቸው እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ይወረውር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ለወልዴ "ቋንቋ ተማርባቸው" ብሎ ሰጠው።

ወልዴም ተማረባቸው። ከካርዶቹ ጀርባ ያለውን የተጫዋቾች ታሪክ በመዝገበ ቃላት እየፈታ እንግሊዝኛውን አወቀ። እንግሊዝኛው ግን ሆኪ ሆኪ ይል ነበር። ቀረጥ መሥሪያ ቤት ወረፋ ካቆመው፣ እንዳጠፋ ተጫዋች "ቅጣት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ" ይላል። ካርዶቹን እጁን ሳይታጠብ ነክቶ አያውቅም።

"ከመሞቱ በፊት ምን አለኝ መሰለዎት?" አለች ተሻለች። "የመቃብር ድንጋዬን ካርዶቹ ይግዙልኝ፤ መዋጮ ብለሽ ሰው እንዳታስቸግሪ። እኔ ደግሞ ቀልዱን መስሎኝ።"

ቀልዱን አልነበረም። ዓመት ሊሆነው ሦስት ወር ሲቀረው፣ ወልዴ መቃብር ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት ብቻ ነው። ለገና ተሻለች ሄዳ በረዶው ሁሉን አልብሶት አገኘችው። ይሄ ነው ብላ የገመተችው ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት አነባች። ስትጨርስ በጫማዋ ጫፍ በረዶውን ብትገፋው፣ የአንድ የማታውቀው ሚስተር ስም ወጣ።

"በሰው ባል አለቀስኩ፣ ጋሽ ሳህሉ" አለች፤ ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣ። "ለሙት ዓመቱ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ እንዲቆምለት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።"

ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ ራጉኤል የሚባል የአበሻ ልጅ የድሮ ካርድ ይገዛል። እሷ የዳቦ ፋብሪካ ሥራዋን ስትጨርስ ሱቁ ይዘጋል። ካርዶቹን አደራጅቶ እንዲያሳይላት ቆርቆሮውን ትታለት ሄደች።

ሳህሉ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈ፤ እንደ ወልዴ እጁን ታጠበና ካርዶቹን ደረደረ። ሃያ ሦስት ናቸው። ቀለማቸው ትናንት የታተመ ይመስላል። ጠርዛቸው ግን! ፍየል የጋጠችው ቅጠል ነው የሚመስለው፤ ጸጉር ጸጉር ያለ፣ ጭረቱ ብቅ ብቅ ያለ።

"ይሄን የቆረጠ ሰው ደሞዝ በልቶበታል?" አለ ለብቻው፣ ጮክ ብሎ።

ከሁሉም የሚያምረው ጭንብል ሳያጠልቅ በጎሉ ፊት ያጎነበሰ ወጣት በረኛ ነበር። የማያውቀው ልጅ ቢሆንም አሳዘነው። እንዲህ ያለ መልከ መልካም ጸጉሩን ሳያበጥር ገበያ ይወጣል? ሳህሉ ከሻንጣው በጨርቅ የጠቀለለውን የብረት ማስመሪያና የቀረችውን አንድ አዲስ ምላጭ አወጣ። ማስመሪያውን አሳረፈ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ሳበ። መጀመሪያ የግራውን ጎን፣ ቀጥሎ የታችኛውን። የተነሳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሁለት የክር ያህል የቀጠኑ ቁራጮች ጨርቁ ላይ ወደቁ።

በረኛው አማረበት። የሳህሉ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ቁራጮቹን በፖስታ አደረጋቸው። መቁረጫ ክፍል ሕግ ነው፤ ደንበኛው ሥራውን ተረክቦ እስኪፈርም ድረስ ቁራጭ አይጣልም። ሌላም ሕግ አለ፤ ወፍራም ካርቶን የቆረጠ ምላጭ ሁለተኛ ወረቀት አይነካም፣ ይዘነጥላልና። ሁለተኛ ተረኛ ያደረጋት ጠርዟ ከሁሉም የባሰ ጸጉራም የሆነ፣ ሥዕል እንኳ የሌላት፣ የስም ዝርዝር ብቻ የታተመባት ካርድ ነበረች። አዲስ ምላጭ እስኪገዛ ድረስ መለሳት። ለማሳያ አንዱ ይበቃል ብሎ በማግስቱ ወደ ኤግሊንተን ወጣ።

ያን ጊዜ ኤግሊንተን ለባቡሩ ተቆፍሮ ነበር። አውቶቡሱ ከአጥር አጥር እየታከከ ያዘግማል፤ የጃማይካዎቹ ፓቲ የሚሉት ሳምቡሳ ቤትና ፀጉር ቤቶቹ በራቸው ላይ "ክፍት ነን" ብለው በትልቁ ጽፈዋል፣ አቧራው ውስጥ መኖራቸውን የሚጠራጠር እንዳይኖር። የራጉኤል ሱቅ ከአንዱ ፀጉር ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ራጉኤል በአራት ዓመቱ የመጣ፣ አሁን ሠላሳ አራት የሞላው፣ ፈጣን ልጅ ነው። ቆርቆሮውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"የወልዴ ነው አይደል? ልጅ ሆነን ቲኬት መግዣ ስናጣ በጓሮ በር የሚያስገባን እሱ ነበር። ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።" ከዚያ በረኛውን አየው። "ኦ ማይ ጋድ። ይሄ ሩኪ ካርዱ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱ ማለቴ ነው።"

"ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው ብዬ እኔ ብቻዬን ብናገር ማን ያምነኛል? አሜሪካ ይላክና ግሬድ ይደረጋል። ሥራቸው እሱ ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ። በማጉያ ያዩታል፤ ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጹን፣ ሥዕሉ መሃል ላይ መሆኑን። ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጡና በፕላስቲክ ያሽጉታል። ይሄ ካርድ አምስት ቢያገኝ አንድ ሺህ ዶላር ነው። ስምንት ቢያገኝ ስምንት ሺህ።"

"ካርዱ ያው ሆኖ?"

"ካርዱ ያው ሆኖ። ሰው በዓይኑ ሲያየው ብዙ ልዩነት የለውም፤ ግን ገዢው ሳያየው ከቤቱ ሆኖ እንዲያምን የሚያደርገው ቁጥሩ ነው።" ራጉኤል ካርዱን ወደ መብራቱ አዘነበለው። "የሚገርመኝ ጠርዙ ነው። ፋብሪካው እዚሁ ኦንታሪዮ ነበር፤ በሽቦ ነበር አሉ የሚቆርጡት፤ ሁሌም ጸጉራም ነው። እንዲህ ክሊን ሆኖ አይቼ አላውቅም።"

ሳህሉ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። "ጸጉራም መሆኑ አይጎዳውም?"

"ኖ፣ ኖ! እሱማ ኦሪጅናል መሆኑን ነው የሚያሳየው። የሚጎዳው ሰው በምላጭ ሲነካው ነው። ያኔ ነጥብ የሚባል የለም፤ አንድም አይሰጡትም። 'ተቆርጧል' ብለው ይመልሱታል፣ አለቀ። ሌላ ሰው ቢያመጣው በማስመሪያ ነበር የምለካው፤ የወልዴ ስለሆነ አልጠራጠርም። እንዲያውም ስድስት ሳምንት ከምትጠብቁ እኔ አምስት ሺህ አሁን ልክፈል።"

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሥራ አበላሽቶ የማያውቅ ሰው፣ በሰው አገር፣ አምነው የሰጡትን የመጀመሪያ ሥራ በገዛ እጁ አሳምሮ ገድሎታል።

"ባለቤቷን ላማክር" ብሎ ቆርቆሮውን ከደነ፤ የወጣበትን በር እንኳ በቅጡ አልዘጋም።

ተሻለች ከሥራ ስትገባ ዘጠነኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር የጠበቃት። ኩሽናዋ ውስጥ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ በረኛውን ከቆርቆሮው አውጥታ ጠርዙን አየች።

"ያስታውቃል?" አለች።

"አያስታውቅም። ማንም በዓይኑ ሊለየው አይችልም።" ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ጥቂት ኩራት ነበረች። ተሻለችም ሰማቻት፤ ከሁሉም የበለጠ ያንገበገባት ይህ ነው።

"እንግዲያው ይሸጣላ! ልጁ እገዛለሁ ካለ እኛ ምን ቤት ነን?"

"ወይዘሮ ተሻለች፣ ልጁ ሳይለካ የሚገዛው ወልዴን አምኖ ነው።"

"ወልዴ መሬት ውስጥ ነው ያለው! በቁጥር ነው የተኛው፣ እንደ ዕቃ! ቅዳሜ ፈረቃ የለኝም፤ ራሴ እሄዳለሁ። እርስዎ አብረውኝ ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። ዝም ማለት ያቅትዎታል?"

ሳህሉ ከወንበሩ ተነሳ። የበደለ እሱ ነው፤ የበደለ ሰው ለተበደለው ምክር አይሰጥም ብሎ ወደ ቤቱ ወጣ። እስከ ቅዳሜ ያሉትን ቀናት ግን አንድ ነገር ሲያላምጥ ከረመ። ካርዱን ልጁ ይገዛል፤ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ያ ሰው አንድ ቀን አሜሪካ ይልከዋል። ተቆርጧል ተብሎ ሲመለስ "ከማን ገዛኸው?" ይባላል። "ከወልዴ ቤት" ይባላል። የሰውየው ስም ድንጋይ ላይ እንዲጻፍ በየሱቁ መጥፋት አለበት? መልሶ ደግሞ ተሻለችን በረዶ ውስጥ በሰው ባል ስታለቅስ ያያታል፤ ዝም እላለሁ ይላል።

ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ይዘው ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ወንበር። ሱቁ ውስጥ ራጉኤል እሷን ሲያይ ተነስቶ አቀፋት፣ ስለ ወልዴ ሁለት ቀልድ ነገራት፣ አሳቃት። ከዚያ ቼኩን አወጣና መጻፍ ጀመረ። እስክሪብቶው የተሻለችን ስም የመጀመሪያ ፊደል ሲነካ፣ የሳህሉ እጅ እሱን ራሱን ሳያስፈቅድ ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ገባ።

ፖስታውን ከፍቶ ሁለቱን ቁራጮች የባንኮኒው መስተዋት ላይ አኖራቸው።

"ልጄ፣ አትጻፍ" አለ። "የዚህ ካርድ ጠርዝ ይሄውልህ።"

ራጉኤል ቁራጮቹን በጣቱ ጫፍ ገፍቶ ከካርዱ ጎን አስጠጋቸው። ልክክ አሉ፤ አንዲት ጸጉር እንኳ አልጎደለችም።

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

"እኔ። ያቆነጀሁት መስሎኝ። እሷ አላወቀችም።"

"ሳህሉ!" አለች ተሻለች። ጋሽ የምትለው ቃል መንገድ ላይ ቀረች፤ አንቱታውም ተከተላት። "የወልዴን ድንጋይ ነው የቆረጥከው። ሁለቴ ቆረጥከው፤ አንዴ በምላጭ፣ አንዴ በአፍህ።" ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሳህሉ የሚገባበት ጠፋው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደ ኤግሊንተን ጉድጓድ ደስ ብሎት ይገባ ነበር። ራጉኤልም ተናዶ ቼኩን ቀደደው። ግን ዓይኑን ከካርዱ ላይ ማንሳት አቅቶት ማስመሪያ አምጥቶ ለካ፤ በማጉያ አየ፤ እንደገና ለካ።

"በእጅ ነው? ያለ ማሽን?"

"ማሽን ቢኖር ይሻል ነበር" አለ ሳህሉ አንገቱን ደፍቶ።

ራጉኤል ከመሳቢያ አሥራ ሁለት ካርዶች አውጥቶ ፊቱ ደረደራቸው። "ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ተቆርጠዋል ተብለው ተመልሰውብኛል። ስገዛቸው አላወቅኩም፤ በጣም ነው የከሰርኩት። የትኞቹ እንደሆኑ ይነግሩኛል?"

ሳህሉ ልቡ እዚያ አልነበረም፤ ተሻለች ላይ ነበር። እጁ ግን ሥራ ሲያይ አያርፍም። እያንዳንዱን ካርድ በዓይኑ ደረጃ አነሳ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳበሰ። ምላጭ ያለፈበት ጠርዝ ጣት ላይ ይንሸራተታል፤ ያላለፈበት ደግሞ ትንሽ ይይዛል። ሁለቱን ለይቶ ወደ ጎን አደረገ። ቀጥሎ ሦስተኛ ጨመረበት።

"ሁለት ናቸው፣ ጋሼ።"

"ሦስት ናቸው። ይሄኛው ስላልላክኸው ነው ያልተመለሰልህ።"

ራጉኤል ለካው። አጭር ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሊልከው ፎርሙን ሞልቶ ጨርሷል። ካርዱን አስቀመጠና ሽማግሌውን እንደ አዲስ አየው።

ሳህሉ ግን ሌላ ነገር አስታውሶ ነበር። ቆርቆሮውን ከፍቶ በችኮላ ይበረብር ገባ። "ጸጉራም መሆኑ ጥሩ ነው ብለሃል አይደል? እንግዲያው ከሁሉም የባሰችውን ላሳይህ" አለና ሥዕል የሌላትን፣ ሁለተኛ ተረኛዋን ካርድ አወጣ።

"እሷን እኔ ልጥላት ነበር" አለች ተሻለች ከነጠላዋ ውስጥ። "ሰው እንኳ የለባት።"

ራጉኤል አልሰማትም። ካርዷን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀና ዘንበል አደረጋት። "ይሄ ቼክሊስት ነው። ልጆች ያገኙትን ካርድ በእስክሪብቶ ምልክት የሚያደርጉበት። ስሞቹ ጎን ያሉት ሳጥኖች ለዚያ ናቸው። ሁሉም ልጅ ምልክት አድርጎ አበላሽቶታል፤ ንጹሕ የሆነ አይገኝም።" ገለበጣት፤ መለሳት። አንድም ሳጥን አልተነካም። "ወልዴ ተምሬበታለሁ አላለም እንዴ? እንዴት ምንም አልጻፈበትም?"

"ወልዴ መጽሐፍ ላይ አይጽፍም" አለች ተሻለች። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

ራጉኤል ማጉያውን ለሳህሉ አቀበለው። ሳህሉ በዝግታ አራቱንም ጎን ዞረ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ መጥፎ አቆራረጥ በእንዲህ ያለ ፍቅር ተመልክቶ አያውቅም። "ከፋብሪካ ከወጣች ማንም አልነካትም" አለ። "አራቱም ጎን ጸጉሩ እንዳለ ነው። ማዕዘኗም ሹል ነው።" ያን ቀን ሁለተኛ ምላጭ ቢኖረው ኖሮ ምን እንደሚያደርጋት ሲያስብ የሱቁን መስተዋት ተደገፈ።

"እንልካታለን" አለ ራጉኤል። "ቃል አልገባም። ቁጥሩ እስኪመጣ ምንም ማለት አይቻልም።" ተሻለች ቆርቆሮዋን ታቅፋ፣ በረኛውንም ሁለቱን ቁራጮችም ጨምራ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ሳህሉ ሊከተላት ሲል ልጁ ክንዱን ያዘው። "ጋሼ፣ ሰኞ ይመጣሉ? የምገዛውን ሁሉ እርስዎ ሳያዩት መግዛት አልፈልግም። እከፍልዎታለሁ።"

እንዲህ ሆኖ ሳህሉ ሥራ ገባ። በሳምንት ሦስት ቀን ኤግሊንተን እየሄደ ጠርዝ ይዳብሳል። ብሩክታዊት ደስታዋን ደብቃ "የዳዲ ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ተጀመረ" እያለች ትቀልድበታለች። ደስታው ግን ጎደሎ ነበር። ሊፍት ውስጥ ተሻለችን ሲያገኛት እሷ ከበሩ በላይ የሚበራውን የፎቅ ቁጥር ታያለች፣ እሱ ጫማውን ያያል። ዘጠኝ ላይ ትወርዳለች። ስድስት የተባለው ሳምንት እንዲህ አሥር ሆነ፤ በረዶው ቀለጠ፣ ፋሲካ ደረሰ፣ እሱ ግን እንኳን አደረሰዎ የሚልበት አፍ አጣ።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ ፖስተኛው ትንሽ ሣጥን ራጉኤል ሱቅ አደረሰ። ልጁ ከፈተው፣ አየው፣ ወደ ሳህሉ ገፋው። በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጋ፣ ጸጉራም ጠርዟን እንደያዘች፣ ያቺ ሰው የሌለባት ካርድ ተኝታለች። ከላይ ቁጥር አለ። ሳህሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ።

ያን ቀን ማታ ሊፍቱን መጠበቅ አልሆነለትም፤ ዘጠኙን ፎቅ በእግሩ ወጣ። ተሻለች በሩን ስትከፍት ትንፋሽ አጥሮት ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው።

"ዘጠኝ" አለ።

"ከስንት?"

"ከአሥር። ራጉኤል ለድንጋዩም ለሙት ዓመቱም ይበቃል ብሏል።"

የተሻለች ዓይን ሞላ። "አንዷን ምን ብለው ወሰዱብን?" አለች።

"ኅትመቷ ትንሽ ወደ ግራ ሸሽቷል። እኔ ግን አልነካኋትም፤ በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ አይደለሁም!"

መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። "ይግቡ እንጂ፣ ጋሽ ሳህሉ" አለች። "ሰው እንዲህ ኮሪደር ላይ ይቆማል?" ከውስጥ፣ ከወልዴ ፎቶ አጠገብ፣ ጭንብል የሌለው በረኛ በመስተዋት ክፈፍ ተሰቅሎ ነበር፤ ሁለቱ ቁራጮች ከጎኑ ተለጥፈዋል። የተሰቀለው ትንሽ ተንጋዶ ነው። ሳህሉ አይቶ እንዳላየ አለፈው።

በግንቦት መጀመሪያ ሦስቱም፣ ብሩክታዊት እያስተረጎመች፣ ድንጋይ የሚጠርበው ሰውዬ ግቢ ሄዱ። ተሻለች የመረጠችው ግራጫ ድንጋይ ፊቱ ለስልሶ፣ የወልደገብርኤል ስም በአማርኛ ተቀርጾበት ቆሟል። ጎኖቹ ግን ከተራራው ሲፈነቀል እንደነበረ ሻካራ ናቸው። ሰውዬው ጎኖቹንም በማሽን ላለስልሳቸው ወይስ እንዲህ ይቅሩ ብሎ ጠየቀ።

ሳህሉ ድንጋዩን አየ። የግራው ጎን ከቀኙ በሁለት ጣት ይሰፋል። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ተሻለች ስታየው ቆየች።

"ይበሉ ይናገሩ፣ ጋሽ ሳህሉ" አለችው። "ጠሟል አይደል?"

"ጠሟል።"

"ታዲያ ይቁረጠው?"

"ማንም እንዳይነካው!" አለ ሳህሉ፤ ጮክ ብሎ ስለነበር ጠራቢው ሳይተረጎምለት ገባው፣ መሣሪያውንም አስቀመጠ።

ለሙት ዓመቱ ተሻለች ከሁሉም ቀድማ መቃብር ደረሰች። ከመኪናው እንደወረደች፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ በቀጥታ ወደ ባሏ ሄደች።